አስናቀው ያላጸደቀው ለውጥ

«እትዬ ሠርኬ... ጋሼ አስናቀው አሁንም መለሱት!»

የሲስተማችን ባለሙያ እስከዳር ናት። ገና ሱቄ ስትገባ ፊቷን አይቼ አውቄዋለሁ። ደሜ ፈላ!

«ደግሞ ምን አሉ?»

የድምፅ መልእክቱን ከፈተችው። ያው ዝግ ያለ ድምፁ ነው፦ «አልገባኝም። እትዬ ሠርኬ ይምጡና ያስረዱኝ።»

«ይህ ሰው ድንጋይ ነው እንዴ? የአንሶላ ዋጋ መቀየር ምኑ ነው የማይገባው!»

እኔ ጭድ ተራ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ እሸጣለሁ። አስናቀው ዱባይ ተራ ጫማ ያከፋፍላል። የሟች ባሌ ሸሪክ ነበር፤ ባሌ ሲያልፍ ሽርክናው ለእኔ ተረፈ። የእሱም ሚስት ከሞተች ቆይታለች። ደንበኞቻችን፣ ዋጋችን፣ ዕቃችን ሁሉ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስልኬ ግን ያነብልኛል። አረንጓዴና ቀይ ለመለየት ደግሞ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

በፊት ለኤአዩ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ በአፌ ስነግረው ወዲያው ይቀይር ነበር። አንድ ቀን የልጆች ብርድ ልብስ ዋጋ ቀንስ ስለው የአዋቂውንም አብሮ ቀነሰው! የክፍለ ሀገር ነጋዴ ሁሉ ስልኬን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ አስናቀው ሕግ አወጣ። ኤአዩ ለውጡን ያዘጋጃል፣ እስከዳር በዳታቤዙ ቅጂ ላይ ትሞክረዋለች፣ ከዚያ እኔና እሱ በየተራ እናያለን። ሁላችንም አረንጓዴውን ማጽደቂያ ካልተጫንን፣ ወይም አንዳችን ቀዩን መመለሻ ከተጫንን፣ ዋናው ዳታቤዝ አይነካም።

ሕጉ ደግ ነው። ያስቸገረኝ ሰውየው ነው!

የሚያመኝን ጉልበቴን እየጎተትኩ ከጭድ ተራ ዱባይ ተራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል! ተሸካሚው «እናት፣ ዞር በይ!» ይለኛል። «ዓይንህን ክፈት!» እለዋለሁ። አስናቀው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ደከሙ እትዬ?»

«አልደከምኩም። ምኑ ነው ያልገባዎት?»

«ቀስ ብለው ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

እነግረዋለሁ። አገጩን ይዞ ያዳምጣል። ከዚያ አረንጓዴውን ይጫናል። በሌላ ሳምንት ደግሞ ያው ነው።

የአንሶላው ቀን ግን በቃኝ። አስረድቼው ስመለስ የሱቅ ጎረቤቴ ናኢማ ዋጋዋን ቀድማ ቀንሳ ገበያዬን ጠርጋዋለች። እንደ እሳት ነደድኩ!

«እስከዳር፣ የእኔን ደንበኞች ከእሱ ለይልኝ። ዕቃውንም፣ ዋጋውንም። ሽርክናው አብቅቷል።»

«እትዬ... እርግጠኛ ነዎት?»

«ማሽኑ እንኳ ሳይጠይቀኝ ይሠራዋል፤ አንቺ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«የእኔ ሥራ መጠየቅ ነው እትዬ።»

ኤአዩ ወዲያው አዘጋጀው። የስንት ዘመን ሽርክና ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል! እስከዳር በቅጂው ላይ ሞከረችው። ስክሪኑን አየች።

«በትክክል ሠርቷል። በቅጂው ላይ... ተለያይታችኋል።»

አረንጓዴውን ተጫንኩ። የቀረው የእሱ ብቻ ነው። እሱም ከተጫነ ከአስናቀው ጋር የሚያገናኘን ነገር አይኖርም።

ቀኑን ሙሉ ስልኬን አየሁ። አላጸደቀም፤ አልመለሰም። በማግስቱም ዝም! «ይምጡና ያስረዱኝ» የለም። ያ የረገምኩት ድምፅ... ጆሮዬ ይጠብቀው ጀመር። ምን ነክቶኝ ነው?

ሳይጠራኝ ሄድኩ። በር ላይ የለም። ውስጥ፣ ጫማው መሀል፣ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ለምን አይጫኑትም?»

«ይኼኛው ገብቶኛል።»

«ከገባዎት ይጫኑታ!»

«ሠርኬ... ሁሉም ገብቶኝ ነበር። የብርድ ልብሱም፣ የትራሱም፣ የአንሶላውም።»

«ታዲያ ለምን መለሱት?»

«ካልመለስኩት አትመጪማ።»

‹አንቺ› አለኝ! ባሌ ከሞተ ወዲህ ከተሸካሚ በቀር ‹አንቺ› ያለኝ ወንድ የለም።

«ጉልበቴን እያወቁ! እግር የለዎትም? ራስዎ አይመጡም?»

«መጥቼ ነበር። ደጃፍ ላይ አቁመሽ ‹ምን ፈለጉ?› አልሽኝ። ምን ልበል? ‹አንቺን› ልበል?»

አጠገቡ ያለ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«አረንጓዴውን ልጫን ብል እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «ቀዩን ብጫን ደግሞ በግድ ያዝኩሽ ማለት ነው። አንቺው ንገሪኝ። ልሂድ ካልሽ አሁኑኑ አጸድቀዋለሁ።»

ስልኩን አወጣ። ጣቱ ወደ አረንጓዴው ወረደች...

«ተው!»

ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

«ምኑን ልተው?»

«አትጫነው! እኔ ጠየቅኩ፣ እኔው እሰርዘዋለሁ።»

ስልኬን አውጥቼ ሰረዝኩት። እንባዬ መጣ። ከእሱ በቀር ማንም አላየኝም።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ፣ ሠርኬ።»

«ይኼን ለመናገር ነው አንሶላዬን ያዘገየኸው? ናኢማ እኮ ገበያዬን ወሰደችው!»

«እክስሻለሁ።»

«ትክሳለህ እንጂ! ዕድሜ ልክህን!»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልጆቻችን ባሉበት ተጋባን። እስከዳር ስጦታዋን ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ስትቁነጠነጥ አየኋት።

«ምን ሆነሻል?»

«እትዬ... ሕጉ ሁለት የተለያየ ሰው እንዲያየው ነው። አሁን ባልና ሚስት ሆናችሁ። አንዳችሁ የጠየቀውን ሌላችሁ ዝም ብላችሁ ብታጸድቁስ?»

አስናቀው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ልጄ፣ ገና ዛሬ ጠዋት በመጋረጃ ቀለም ተጣልተናል። አንቺ አላገባሽም፤ ስታገቢ ይገባሻል።»