መቀስና የተቆለፈው በር

«ቪዲዮው ፈንድቷል» አለ ማይኩ፣ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ። «ጠዋት ያየው የክፍላችን ልጅ ብቻ ነበር። አሁን አገር ምድሩ እየተሳደበ ነው።»

መቀስ አጎንብሳ አነበበች። እውነትም እየተሳደበ ነበር። «አረመኔ»፣ «ይቺን ሴትዮ ልጆች አጠገብ ማን አስጠጋት?»፣ «ቤቷን የምታውቁ ጠቁሙን»። ከስድቡ ሥር የሳቅ ምልክት፣ ከሳቁ ሥር ሌላ ስድብ። ደስ አላት። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ አላት።

መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ቪዲዮ የምትቆርጠውና የምትቀጥለው እሷ ናት፤ ካሜራ ፊት ቆሞ የሚለፈልፈው ደግሞ ማይኩ ነው። ማይኩ ዝም በል ካላሉት ዝም አይልም፣ ካሉትም አይልም። «ይከፈት» የሚለውን ገጽ ሁለቱ ሆነው የጀመሩት የትምህርት ቤታቸው የሴቶች መጸዳጃ ቤት በትምህርት ሰዓት መቆለፍ ከጀመረ በኋላ ነው። ሴቶቹ ውሃ መጠጣት ትተዋል። የወር አበባ የመጣባት ወይ ቤቷ ትቀራለች፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ አትነሳም። ፊርማ አሰባስበው ቢያስገቡ ምክትል ርዕሰ መምህሩ «እናየዋለን» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ገጹን ግን መሳቢያ ውስጥ መክተት አይቻልም።

የገጹ ሕግ አንድ ነው፤ ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ካልተናደደ ጣቱ ያልፈዋል። ስለዚህ መቀስ ቪዲዮ ሲመጣላት ቀድማ የምትፈልገው ንዴቱን ነው። ንዴቱን ፊት ታመጣለች፤ የተንዛዛውን ትጥላለች። ሁሌም የሚንዛዛው መሃሉ ነው።

የሰሞኑም ቪዲዮ እንዲሁ ረጅም ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆዷን ይዛ በተቆለፈው በር ፊት እያለቀሰች ትለምናለች። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ «ልጄ፣ ቁልፉን ምክትሉ ወስዶታል፤ እኔም ለምኜ ለምኜ ደከመኝ» ትላታለች። ከኋላ ወንዶች ልጆች ተሰብስበው በልጅቷ ያሽካካሉ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ወደነሱ ትዞርና መጥረጊያዋን አንስታ ትጮኻለች፤ «እዚህ መቆም የለም! በቃ አልኩ!» መቀስ ልመናውን ወሰደች፣ ጩኸቱን ወሰደች፣ መሃሉን ጣለችው። የልጅቷን ፊት ሸፈነች። የሴትዮዋን ግን እንዳለ ተወችው። ተቆርጦ ሲያልቅ፣ ሴትዮዋ በምታለቅስ ልጅ ላይ መጥረጊያ የምታነሳ ሴት ሆነች። መቀስ እንደ ውሸት አልቆጠረችውም። ሥራዋን የሠራች ነበር የመሰላት።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ስልክ ይዛለች። ከስልኩ ውስጥ ያ ጩኸት ወጣ። መቀስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ደርቃ ቀረች።

«የልጅ ጠላት» አለች እናቷ። «እጇ ይሰበር። አንቺ የምትማሪበት አይደለም እንዴ? ጫፍሽን ብትነካሽ ንገሪኝ።»

እናቷ ተሳዳቢ አይደለችም። ጨርቅ ያበላሹባትን ደንበኞች እንኳ ትቀልድባቸዋለች እንጂ አትረግምም።

«አትራገሚ፣ እማዬ» አለች መቀስ።

«በዓይኔ አይቼ?»

አዎ፣ በዓይኗ አይታለች። ያሳየቻት ደግሞ የገዛ ልጇ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። አስተዳደሩ የተማሪዎችን ድምፅ እንደሰማ፣ ጥፋተኛዋ ከሥራ እንደተሰናበተች፣ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለውን ጭካኔ ለአፍታም እንደማይታገሥ ተናገረ። ፊቱ ላይ የሐፍረት ጭላንጭል የለም፤ ጭራሽ ደስ ብሎት ነበር። ሰልፉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ልጆች ማይኩን ተሸከሙት። ስለ ቁልፉ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መቀስ ከሰልፉ ወጥታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደችና እጀታውን ነቀነቀችው። እንደተቆለፈ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በትልቁ በር ስትወጣ ልጆች ያፏጩባት ጀመር። አንዱ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወረወረባት። ጠርሙሱ ትከሻዋን መትቶ ወደቀ፤ ዞራም አላየችው። መቀስ ተከትላት ወጣች፤ አጥሩ ጥግ ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።»

ሴትዮዋ ቆማ ከእግር እስከ ራስ አየቻት። «መቀስ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሰፈሬ ድረስ መጥተው ‹ይቺ ናት› እያሉ ነው። ልጄ ከቤት አልወጣም ብላ ተኝታለች።» ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራል። «አሁን አንቺ ሰው በሌለበት አጥር ሥር መጥተሽ ይቅርታ ትይኛለሽ። ስታሰድቢኝ እንዲህ ለብቻዬ ነበር?»

መቀስ ፌስታሉን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ዞር በይልኝ» አለች ሴትዮዋ፤ ሄደችም።

ማይኩ በዕረፍት ሰዓት ሙሉውን ቪዲዮ ልትለጥፍ እንዳሰበች ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ብትለጥፈው ገጹ በአንድ ቀን አፈር ድሜ እንደሚበላ፣ ከእንግዲህ እውነት ቢናገሩም የሚያምናቸው እንደማይኖር፣ ምክትሉም «ውሸታም ልጆች» ብሎ ሊዘባበትባቸው እንደሆነ ነገራት። ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሆነ አልነበረም። ያናደዳትም ይኸው ነው።

«በሩ ይከፈት ነበር ያልነው» አለችው። «ተከፈተ?»

«ይከፈታል። ትንሽ ብቻ ጠብቂ።»

«ቁልፉን የያዘው ሰውዬ እኮ ዛሬ አስጨበጨብንለት።»

ማይኩ ግራና ቀኝ አይቶ ጠጋ አላት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ዓይን ግን አይቷት አያውቅም። «ስሚ፤ ከለጠፍሽው አላውቅሽም። ከገጹ አውጥቼ ብቻ አልተውሽም፤ ቀድሜ የምሰድብሽ እኔ ነኝ።»

እንደሚያደርገው ታውቃለች። የሚለውን የሚያደርግ ልጅ ነው፤ የምትወደውም ለዚሁ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ሙሉውን ቪዲዮ ከፈተችው። ሲጀምር ወለል ይታያል፤ ባልዲ ይታያል፤ የሚያናድድ ነገር የለውም። ጣቷ ሳታዝዘው ወደ መቁረጫው ሄደ። መለሰችው። የሰባተኛ ክፍሏን ልጅ ፊት አሁንም ሸፈነች። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች። ካሜራ ፊት ቆማ ስለማታውቅ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ እንደገና አልቀረጸችውም።

«ፊተኛውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «በሩን የቆለፈው ማን እንደሆነ ሴትዮዋ ተናግራ ነበር፤ እኔ ጣልኩት። ሙሉው ይኸው።»

የራሷን ፊት ሳትሸፍን ከቪዲዮው ጋር ቀጠለችውና ለጠፈችው።

ገና ከወንበሯ ሳትነሳ ስልኩ ጮኸ። ማይኩ ቃሉን አላጠፈም፤ የመጀመሪያው አስተያየት የእሱ ነበር። «ስንት ከፈሉሽ?» ይላል። ዕንባዋ መጣ። ከሥሩ ሌላ ተከተለ፣ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያ ገጹ ራሱ ከፊቷ ጠፋ፤ አውጥቷታል። ሙሉው ቪዲዮ ግን ስልኳ ላይ አለ።

ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው ይንቋቋል። እናቷ ቀና ብላ ፊቷን አየችና እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«ምን ሆነሻል?»

መቀስ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንድ ቪዲዮ ላሳይሽ፣ እማዬ» አለች። «ረጅም ነው።»