ዶነኻ የሚጠጣው ብርጭቆ

ፊንተን ኪዮሃን የሞተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን፣ በገና ማግስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከአራተኛው መጠጥ ቤት ወጥቶ ወደ አምስተኛው ሲሄድ ወደቡ ዳር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ አለ፤ አልተነሣም። ፊቱ ወደ ባሕሩ ነበር። የሰፈራችን ሰው ደግሞ ወሬ አያሳድርምና «ዶነኻ ጠራው» ተባለ።

ዶነኻን ባሕር ከበላው፣ ሬሳውም ሳይገኝ ከቀረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እህቱ ዲምፕናና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ፊንተንና ማላኪ፣ በየዓመቱ በዚችው በእስጢፋኖስ ቀን አምስቱን መጠጥ ቤት ይዞራሉ። በየቤቱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ብርጭቆ ይቀዳል፤ ለዶነኻም አንድ። የእሱ ብርጭቆ መስኮት ላይ ይቀመጥና ሦስቱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊንተን ሁሌ ከመስኮቱ ጥግ ሆኖ፣ አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ሙት ሲጠጣ አይታይማ። ዞር ሲሉ ብርጭቆው ባዶ ነው። ቀን ቀን ይህን እያወራን እንስቅ ነበር። ሲመሽ የሳቀ ሰው ግን አላየሁም።

ዘንድሮ ባለ መጠጥ ቤቶቹን የኮክቴል አባዜ ይዟቸው ነበር። የአራተኛው ቤት ባለቤት ኑላ ባንዲራችንን በብርጭቆ አቀረበች፦ ከታች አረንጓዴ የናና አረቄ፣ መሐል ነጭ ክሬም፣ ላዩ የብርቱካን አረቄ። ከጥቁር ቢራ ሌላ የማያውቀው ፊንተን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ «ይሄ ይጠጣል ወይስ ይሰቀላል?» አለ። የመጨረሻ ቀልዱ ይህ ሆነ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ። በፊንተን ደም ውስጥ ሐኪም ያላዘዘለት የልብ መድኃኒት ጠብታ፣ ፈረስ በሚጥል መጠን ተገኘ። ከኑላ ቤት ሳይታጠቡ የተወሰዱት የሦስቱ ጠጪዎች ብርጭቆዎች ከመርዝ ንጹሕ ናቸው። አራተኛውን፣ የዶነኻን፣ ኑላ ዕለቱን አጥባዋለች። ከከተማ የመጡት መርማሪዎች ብዙ አላሰቡም፦ መጠጡን የቀላቀለችም ብርጭቆ ያጠበችም እሷ ናት፤ ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዷታል።

የኛዋ ሳጅን ጎብነት ግን ገና አንድ ቀን አላት። ስድሳ ዓመቷ ነው፤ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም። መጠጥ የማይጠጡት ሰዎች ማኅበር አርማ ያለባት መርፌ ከኮቷ ደረት ላይ ወርዶ አያውቅም።

«ኑላ፣ ምነው አንዱን ብቻ አጠብሽ?» አለች ኑላ ቤት ገብታ።

«የሙት ብርጭቆ ሳይታጠብ አይመሽበትማ! እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«እናቴ ያስተማረችኝ መጠጥ ቤት እንዳልገባ ነው።»

«ይኸው ገባሽ።» ኑላ ልትስቅ ሞከረችና እንባዋ ቀደማት። «ጎብነት፣ ይህ ቤት የአያቴ ነው። ነገ ከወሰዱኝ ማን ይከፍተዋል?»

«አሁን መጠጡን ቅጂና አሳዪኝ። የዶነኻን ብርጭቆስ ማን ነው የሚጠጣው?»

«ድመቷ ትመስለኛለች። ክሬም ትወዳለች።»

ኑላ ማንኪያ ገልብጣ በጀርባው ላይ ቀስ አድርጋ ቀዳች፤ ሦስቱ ቀለማት ሳይነካኩ ተደራረቡ። ጎብነት ግማሽ ማንኪያ ውኃ ከላይ ጣል አደረገችበት። ነጩ ተቆራረሰ፤ ባንዲራው የጎርፍ ውኃ መሰለ።

ዲምፕና ቤቷ ውስጥ እንደ ሐዘን ወጉ መስተዋቱን ሸፍና ተቀምጣ ነበር።

«ወንድሜ ዘንድሮ ተቆጥቶ ነበር» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ማላኪ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ሲያኖረው ድፍርስርስ ብሎ ነበር። የኛ ግን ጥርት ያለ ነበር። ወንድሜ ጣቱን የከተተበት መሰለኝ፤ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።»

«ፊንተን ስንት ጠጣ?»

«እንደ እኔው አራት፤ በየቤቱ አንድ። ‹በመጨረሻው ቤት የምነግርሽ አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ይዤዋለሁ› ብሎኝ ነበር።» አንገቷን ደፋች። «ይሳቁብኝ፣ ሳጅን፤ ሊያገባኝ መስሎኝ ከንፈሬን ተቀብቼ ነበር።»

ጎብነት አልሳቀችም።

ማላኪ በእናቱ ወጥ ቤት ድንች ይልጣል። ዕለቱ የገና ሰሞን የሚዘጋበት የሴቶች ገና ነው፤ ሴቶች ይወጣሉ፣ ወንዶች ያበስላሉ።

«ይግቡ ሳጅን፣ ዛሬ የቤቱ እመቤት እኔ ነኝ!»

«ያምርብሃል። ፊንተንን ምን ገደለው ትላለህ?»

«ልቡ ደካማ ነው። በአራት ቤት ስምንት ብርጭቆ! ማን ይችለዋል?»

መስኮቱ ላይ የእናቱ የልብ ጠብታ ተቀምጧል፤ ገና አዲስ።

«የፊተኛው ቶሎ አለቀብኝ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ ለስድሳ ዓመቷ ሳጅን።

አሥር ሰዓት ላይ ጎብነት ሁሉንም በኑላ ቤት ሰበሰበች። ባንዲራው ተቀዳ፤ አንዱ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ።

«ዞራችሁ ዝፈኑ።»

የሦስት ሰው ዘፈን ያለ ፊንተን ቀጠነ። ነፋሱ መስኮቱን ነካ ነካ አደረገው። ዞር ሲሉ ብርጭቆው ሙሉ ነበር።

«አልመጣም!» አለች ዲምፕና።

«የሚመጣው ሞቷል፣ የኔ እህት» አለች ጎብነት። « ብርጭቆውን ይጠጣ የነበረው ፊንተን ነው። የገዛ ብርጭቆው ንጹሕ ነው፤ ታዲያ መርዙን ከየት አገኘው? ከመስኮቱ ነዋ። ሁሌ እዚያ ጥግ የሚቆመው ለዚህ ነበር። የሚጠጣውም ሙሉ ሆኖ አይተሽ እንዳታለቅሺ ብሎ ነው።»

ዲምፕና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ኑላ መርዝ ብታደርግ ከናናው ሥር ታደርገው ነበር፤ ቀለሙ አይነካም። የደፈረሰው ከተቀዳ በኋላ ስለተጨመረበት ነው፤ ከባንኮኒው እስከ መስኮቱ ባለው መንገድ። ተሸክሞት የሄደው ማን ነው?»

ማላኪ ሳቀ። «ለሙት መርዝ የሚሰጥ ምን ዓይነት ጅል ነው?»

«ጠጪው ሙት እንዳልሆነ የሚያውቅ። ኑላ ድመቷ ናት አለች፤ ዲምፕና ወንድሜ ነው አለች፤ ፊንተንም አራት ጠጣ አለች። ስምንት ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። የዶነኻን አራት የደመርክለት አንተ ነህ።»

ሳቁ ቆመ። ማላኪ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዶነኻ የሰጠመ ዕለት የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ ጀልባዬ ላይ አልነበሩም» አለ። «የበጋ እንግዶች ለሚሳፈሩበት ሌላ ጀልባ ወስጃቸው ነበር። ዶነኻ እምቢ ብሎ ሳይለብስ ቀረ ብዬ አወራሁ። ፊንተን እውነቱን ቢያውቅም ለኔ ይሠራ ስለነበር ደበቀልኝ፤ ዘንድሮ ግን ልናገር ነው አለኝ። ያ ብርጭቆ ባዶ በሆነ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። አምና ሰርቄ ዞርኩና ፊንተንን አየሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ለሙሉው ብርጭቆ ጀርባውን ሰጠ። «አሁን ግን ሁለት ሆኑብኝ።»

በማግስቱ መርማሪዎቹ የወሰዱት እሱን ነው። ኑላ ቤቷን በሰዓቱ ከፈተች።

በዓመቱ ዲምፕና፣ ኑላና ጎብነት አምስቱን ቤት ዞሩ። በኑላ ቤት መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ ተቀመጠ። ድመቷ ጓዳ ተቆልፎባታል። ጀርባ ሰጥተው ዘፈኑ፤ ዞር ሲሉ ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ዲምፕና እያለቀሰች ፈገግ አለች።

ማንም አልጠየቀም። ከሳጅን ጎብነት ኮት ደረት ላይ ግን መርፌዋ አልነበረችም፤ ትንፋሿም ናና ናና ይል ነበር። ስትወጣ የበሩን ደረጃ በእግሯ ሁለቴ ፈልጋ ነው ያገኘችው።