የማንም ያልሆነው ውሻ

ማሙሽ የሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለ አንድ ግቢ ዕቃ ሊያደርስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ወድቆ፣ አናቱን የቱቦው ጠርዝ መታው። የግቢው ሰዎች «ሰክሮ ነው የወደቀው» አሉ፤ ፖሊስም መዝገቡን ዘጋ። አባቱ አቶ በለጠ በኀፍረት ከቤት መውጣት አቆሙ።

ሚስቱ ሰብሊ ግን ባሏ መጠጥ እንደማይቀምስ ታውቃለች። የሆስፒታሉ ምርመራም መጠጥ አላገኘበትም። ሰብሊ ለያዘችው የካዛንቺስ ጠበቃ የምትሠራው የቀድሞዋ ፖሊስ መብርሂት ደግሞ ሱሪው በጥርስ መዘንጠሉን አየች። ግቢው ውስጥ ቡናማ ውሻ ነበር።

«የማን ነው?»

የግቢው ባለቤት፣ ጡረተኛው አቶ ወልደአረጋይ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ። «የማንም አይደለም ልጄ። የሰፈር ውሻ ነው።»

ሆቴል የምትሠራው ተከራይ ዮርዲ ተነጫነጨች። «በቃ፣ በመስኮት አጥንት ስለወረወርኩለት የኔ ሆነ? ሼም ነው!»

ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ሌላው ተከራይ ነጋሲ ሳቀ። «ማለቴ፣ እኔ ቀን ቀን እዚህ የለሁም። ውሻ መኖሩንም ልብ አላልኩ።»

መብርሂት ተመላልሳ ጠየቀች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ከውሸቱ ይልቅ ያንገበገባት የሁሉም አንድ ቃል ነው፤ «እኔ ጥፋት የለብኝም» ይላሉ። ውሻ ከሰማይ የሚወርድ ይመስል!

በመጨረሻ ሰዎቹን ትታ ውሻው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከዚያም እዚያው ግቢ ካለው የነጋሲ ዕቃ ማከማቻ ጀርባ ዞራ ተመለሰችና ሁሉንም ግቢው መሃል ሰበሰበች። ሰብሊም መጣች።

«ማሙሽ አልሰከረም» አለች መብርሂት። «ሱሪውን ውሻ ነክሶታል፤ ሊያመልጥ ሲል ወደቀ። የውሻው አንገት ዙሪያውን ተመልጧል፤ ታስሮ የኖረ ነው። የሰፈር ውሻ ደግሞ ማንም አያስረውም። ዮርዲ ከመስኮቷ አትወርድለትም። አንገቱ ላይ ግሪስ አለ፤ ከዕቃ ማከማቻው ጀርባም የተበጠሰ የመኪና ቺንጋ ተንጠልጥሏል። አንድ ዝርክርክ ሰው አላልቶ ያሰረው ነው።»

ነጋሲ ቱግ አለ። «ምን ማላላት? ደርቤ ነው ያሰርኩት! ቺንጋው በራሱ ጊዜ ተበጠሰ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?»

አቶ ወልደአረጋይ መሬት መሬት አዩ። «ጎረቤት ላሳጣ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ምንም አላጠፋህ ይሆናል» አለች መብርሂት። «ሕጉም ጥፋትህን አልጠየቀህም። እንስሳ ሰው ሲጎዳ፣ ማሰሪያውን በጥሶም ቢያመልጥ፣ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። እኔም የፈለግኩት ባለቤቱን ብቻ ነበር።»

መርታቷ ምንም ደስ አላላትም። ‹ያሰርኩት› ለምትል አንዲት ቃል ይህ ሁሉ ምልልስ!

ነጋሲ ወደ ሰብሊ ዞረ። «ካሳውን… ማለቴ፣ እንስማማለን።»

«ካሳውን ፍርድ ቤት ይቆርጠዋል» አለች ሰብሊ። «ለቅሶ ላይ ተቀምጠህ ‹መጠጥ ነው የጨረሰው› ስትል የማሙሽ አባት ሰምተውሃል። ተነስ፣ እሳቸው ጋ እንሂድ።»

«ምን ብዬ?»

«‹ውሻው የኔ ነው› ብለህ።»