ሙክቱን ማን ባረከው?

ከወሎ ሰፈር ሲነሱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሀጀር የሙክቱን ገመድ እጇ ላይ ጠምጥማ ከፊት፣ ጋሼ ወልደጊዮርጊስ የጎማ መፍቻ ብረታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላ ሆነው የፈረሰውን የጋራዥ አጥር ተሻገሩ። ገና አስፋልቱን ሳይረግጡ የአብዱልሐሚድ ጩኸት ከቤት ውስጥ ተከተላቸው። ሀጀር ዞር አላለችም። ዞር ካለች እግሯ ወደፊት እንደማይሄድ ታውቀዋለች።

አብዱልሐሚድ ባሏ ነው። በግንቦት ምድር ስትናወጥ ሳይወድቅ የቀረ ግድግዳ በሐምሌ ዝናብ ርሶ እግሩ ላይ ተናደበት። ቁስሉ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ አሁን ይሸታል። ጥቁረቱ ወደ ጉልበቱ እየወጣ ነው፤ ጉልበቱን ካለፈ ሰውዬው አለቀለት። እግር ቆርጣ ሰው ማትረፍ የምትችል ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰፈር አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች፤ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ያለችው የቀዶ ሕክምና ነርስ ሙሉአለም።

ብር አትበሉኝ። ብር እሳት ማቀጣጠያ ከሆነ ሰነበተ። ባንኩ ተደርምሶ፣ ስልኩ ሞቶ፣ ነዳጁ ደርቆ ሸገር ወደ ጥንቱ ገበያ ተመልሳለች፤ ጨው በሳሙና፣ ክብሪት በስንዴ፣ ሙያ በሙያ። ሙሉአለም በመንገደኛ የላከችው ቃልም አጭር ነበር፤ «ሙክት ይዛችሁ ኑ፤ መጥቼ እቆርጥለታለሁ»። የደከሙ ቁስለኞች አሉባት፤ መረቅ ልታጠጣቸው ነው። ሀጀር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበራት። ከፍርስራሹ ሥር ያወጣችውን ባትሪና ጎማ ጠራርጋ ሰጥታ ያንን ሙክት ለወጠችበት። ሌላ የሚለወጥ ነገር በቤቷ አልቀረም።

ጋሼ ወልደጊዮርጊስን ማንም አልጠራቸውም። ከእነ ሀጀር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሚኒባስ መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሙክቱን ስትጎትት ሲያዩ ለሚስታቸው ለእትዬ አስካለ «መጣሁ» ብለው ብረታቸውን አነሡ።

«የገርጂን መንገድ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«መንገዱ እኮ አሁን የለም፣ ጋሼ።»

«እኔ ግን አለሁ» ብለው አፏን አስያዟት።

ቦሌ መንገድ ላይ በረዶ ያዛቸው። በረዶውስ ባልከፋ፤ የቦሌ ፎቅ ሁሉ መስታወት ለባሽ ነው። ያኔ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብር የነበረው ጌጥ አሁን ተሰነጣጥቆ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል፤ በረዶው ሲደበድበው እየተገነጠለ ይወርዳል። የመጀመሪያው ከፊታቸው አርፎ ተበተነ። ሁለተኛው ሲያፏጭ ተሰማ።

«መኪናው ሥር ግቢ» አሉ ጋሼ።

የቆመ ገልባጭ መኪና ሥር ተወረወሩ። ሙክቱ ግን አልገባም፤ እግሮቹን ተክሎ ቆመ። ሀጀር በደረቷ እየተሳበች ወጥታ ቀንዱን ይዛ ጎተተች፤ ጋሼ የእሷን እግር ይዘው ጎተቱ። መስታወቱ እሷ በነበረችበት ቦታ ወርዶ የሻርፗን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ቸነከረው። በሆዳቸው ተኝተው፣ የበጉን ትንፋሽ እየማጉ፣ ቦሌ በላያቸው እስክትራገፍ ጠበቁ።

«ለበግ ብለሽ ልትሞቺ ነበር» አሉ ጋሼ።

«በግ አይደለም፣ ጋሼ። እግር ነው።»

በረዶው ሲያባራ ወደ መድኃኔዓለም አቀኑ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካሉት ቪላዎች ባለቤቶቹ ሸሽተዋል፤ ውሾቹ ግን ቀርተዋል። እነዚህ የመንደር ውሾች አይደሉም። ሥጋ እየተቆረጠላቸው፣ ሐኪም እየመጣላቸው ያደጉ፣ ጥጃ የሚያካክሉ ናቸው። አሁን ርቧቸዋል። ከተከፈተ በር ድምፅ ሳያሰሙ ወጡ። ውሻ ሳይጮህ ሲመጣ ነው መፍራት።

ጋሼ የፊተኛውን አናቱን በብረት አሉት። ሀጀር በአንድ እጇ ድንጋይ ታነሣለች፣ ትወረውራለች፤ በሌላው ገመዱን አትለቅም። አንዱ ከሥር ገብቶ የሙክቱን ሆድ ዘነጠለው፤ ሌላው ታፋውን ያዘ። ጋሼ እየጮኹ፣ እየመቱ መንጋውን ከማዕዘኑ ወዲያ አሳደዱት፤ የብረቱም ድምፅ ራቀ። ሀጀር ሙክቱ አጠገብ ተንበረከከች። አንጀቱ ወጥቷል፤ ዓይኑም እየፈዘዘ ነው።

ሳይታረድ ከሞተ ብክት ነው፤ ብክት ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም አይቀምሰውም። በሀጀር አገር ሴት አታርድም። አባቷ ከቤት ሲርቁ እናቷ ዶሮና ቢላ ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመው አላፊ ወንድ ይለምኑ ነበር። እዚህ ግን አላፊም የለም። ቢላዋን ከወገቧ መዘዘች፣ አንገቱን ወደ ቂብላ አዞረች፣ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ብላ ሳበችው። ሳይሞት ደረሰችበት። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ጋሼ እያለከለኩ ተመለሱ። ሙክቱን አዩ፣ ቢላዋን አዩ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ አንዴ ብትጠሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሊሞትብኝ ነበር እኮ።»

«እሱስ ሊሞት ነበር። ሙሉአለም ግን ምንድን ናት?»

ያን ጊዜ ገባት። ሙሉአለም ክርስቲያን ናት፤ ቁስለኞቿም እንደዚያው። ጋሼ «በስመ አብ» ብለው ባርከውት ቢሆን ሥጋው ይበላ ነበር። አሁን የእስላም ሥጋ ሆኗል። ከልጅነቷ ሲባል የሰማችው ቃል ቀድሟት ወጥቶ የባሏን እግር ዋጋ አሳጣት። ሀጀር በደም እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች።

«እኔ ባረክሁት እላታለሁ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

«አይሆንም። ሰው የማይበላውን ደብቄ አላበላም።»

«አብዱልሐሚድስ?»

ሀጀር ቢላዋን አንሥታ ሙክቱን መግፈፍ ጀመረች። ሥጋውን በላስቲክ ጠቀለሉት፤ ጋሼ ተሸክመውት ተነሡ።

ወደ ገርጂ የሚያሻግረው ድልድይ ወገቡ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ወድቋል፤ በክፍተቱ ላይ የመብራት እንጨት ተጋድሞበታል። እንጨቱን የሚጠብቁት ገመዳና ጓደኞቹ ናቸው። ገመዳ ያኔ መገናኛ ላይ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። ዛሬ ታክሲ ባይኖርም ተራ ማስከበሩን አልተወም፤ ብቻ መጥረቢያ ጨምሮበታል።

«ሥጋ ነው?» አለ ላስቲኩን በመጥረቢያው ጫፍ ገለጥ አድርጎ። ከኋላው ያሉት ምራቃቸውን ዋጡ። «ማን ባረከው?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። «እኔ» ካሉ ሥጋው እዚሁ ቀረ።

«እኔ አረድሁት» አለች ሀጀር። «በቢስሚላህ።»

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ፣ «ገመዴ፣ ረሃብ ምን ሃይማኖት አለው?» ብሎ ሞከረ።

«ሰው ቀምቻለሁ፤ ሰው ደብድቤያለሁ» አለ ገመዳ። «እናቴ ያላጎረሰችኝን ግን አልጎርስም። ጠቅልይው።»

የሰው ነገር! መንገደኛ ገፍፎ ራቁቱን የሚሰድድ ሥጋ ላይ ሲደርስ ሕግ አዋቂ ይሆናል። ሀጀር ግን ለመሳቅም ለማመስገንም ጊዜ አላገኘችም፤ ገመዳ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው አይደለም። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ፤ ነርስ ሊያመጡ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ወንድሙ ክንዱ ተሰብሮ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ከድልድዩ ማዶ ባለች የላስቲክ ጎጆ ተኝቷል።

«ነርሷ ስትመጣ ወንድሜን ታየዋለች። እስከዚያ ሽማግሌው መያዣ ነው። ምሰሶው እየተቦረቦረ ስለሆነ ድንጋይ ያቀብለናል።»

ሀጀር ጋሼን አየቻቸው። እሳቸው ሥጋውን ከትከሻቸው አውርደው ጀርባዋ ላይ አስተካከሉላት።

«ሂጂ ልጄ። ድንጋይ ከዚያ ከአሮጌ ሚኒባሴ አይብስም።»

ሀጀር እንጨቱን ተሻግራ ሄደች። ሙሉአለምን ገርጂ በአንድ ብሎክ ምድር ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ በተደረደሩ ቁስለኞች መሐል አገኘቻት። ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ጎድጉዷል።

«ሙክቱስ?»

«ውሻ ያዘብኝ። አረድሁት።» ሀጀር ላስቲኩን ከጀርባዋ አወረደች። «እኔው ነኝ ያረድሁት። ለእናንተ አይሆንም።»

ሙሉአለም ሥጋውን አየችው። ቁስለኞቹም አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት። ዋሽተሽ በሆነ የሚል ነገር በፊቷ ላይ አለፈ።

«ባዶ እጄን አልነሣም፣ እህቴ» አለች። «እነዚህም የሰው ልጆች ናቸው። ማሰሪያ ጨርቅ እንኳ የለኝም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሀጀር ግን ከዕድሜዋ ግማሹን ሱቅ ላይ ያሳለፈች የነጋዴ ልጅ ናት፤ አንዱ ያልፈለገውን ሌላው እንደሚፈልገው ታውቃለች። ወደ ብሎኩ ግቢ ወጥታ ላስቲኩን ዘረጋችና ሥጋውን እንደ ቅርጫ በየመደቡ ደለደለችው፤ አጥንቱን ከጮማው፣ ጎድኑን ከታፋው እያስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሙስሊም የሆናችሁ ኑ፤ የታረደ ሥጋ ነው» ብላ ተጣራች።

ደረጃው ሁሉ ሰው ተፋ። ቀድመው የደረሱት አብዱልናስር የሚባሉ ከዘራ የያዙ አዛውንት ናቸው።

«ማን አረደው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ሴት?»

«ወንድ ራቀብኝ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ቢስሚላህ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ሐላል ነው» ብለው ላንድ መደብ ለልጃቸው ሰርግ ያስቀመጡትን አንሶላ አመጡ። ከእሳቸው በኋላ ሳሙና መጣ፣ ሻማ መጣ፣ ምስር በቆርቆሮ ተሰፍሮ መጣ። ሀጀር ሁሉንም አቅፋ ሙሉአለም ፊት ዘረገፈችው።

«መረቁ ይሻለኝ ነበር» አለች ሙሉአለም። ቢሆንም መጋዟን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። ይሄኛው አላሳሳቀም። ወደ ድልድዩ ሲመለሱ ወንዙ ጭቃና ቆርቆሮ ይዞ ያገሣል፤ ላይኛው አገር ዘንቧል። ገመዳ በገርጂ በኩል ዳር ላይ ቆሟል፤ መጥረቢያውን አልያዘም።

«ጋሼስ?» አለች ሀጀር።

«ወሰዳቸው» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «ምሰሶው ሥር ነበሩ፤ ደራሽ ውሃ መጣ። እንዳያመልጡ ወገባቸውን አስረናቸው ነበር። ገመዱ ተበጠሰ።»

ሀጀር ወደ ወንዙ ጠርዝ ሮጣ ጭቃማውን ውሃ ቁልቁል አየች። ዓይኗ ሳታዘው ወደ እንጨቱ ሄደ። እንጨቱ በቦታው ነው፤ መሻገር ይቻላል። ይህ ሐሳብ ከሐዘኑ ቀድሞ ሲመጣባት ራሷን ጠላች።

ሙሉአለም ወደዚያች የላስቲክ ጎጆ ገብታ የገመዳን ወንድም ክንድ አቃንታ አሰረችው። ስትወጣ ለሰዎቹ ያለቻቸው «ዞር በሉ» ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች እንጨቱ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ውሃው እግራቸውን እየጎተተው፣ ተሻገሩ።

ወሎ ሰፈር ሲደርሱ እየመሸ ነበር። አብዱልሐሚድ ይተነፍሳል፤ ጥቁረቱ ጉልበቱ ሥር ደርሷል። እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ ውሃ እያጠጣች አጠገቡ ነበረች።

«የኔስ ሰው?» አለች።

«ከኋላ ናቸው» አለች ሀጀር።

ስለ ሥጋ ያልዋሸችው ሴት ስለ ሰው ዋሸች። አብዱልሐሚድን የሚይዝ ሌላ እጅ አልነበራትም። አስካለ ጤነኛ እግሩን፣ ሀጀር ትከሻውን ተጫኑት፤ ሙሉአለም ቆረጠች። ስለ መጋዙ ድምፅ አልናገርም።

ሲነጋ ትኩሳቱ በረደለት። ሀጀር አስካለን ወደ ግቢው ይዛት ወጥታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ገመዱም ጭምር።

«ማታ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እጄን ፈልገሽ ነው።»

«አዎ።»

አስካለ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። እጆቿን ትንሽ አየቻቸውና ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሀጀር በየማለዳው የራሷን ሳትሞላ ለአስካለ ውሃ ትቀዳለች። ጀሪካኑን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። አስካለ የሞላውን ታስገባለች፤ ባዶውን ታወጣለች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን «እግዜር ይስጥሽ» ብላት አታውቅም፤ ሀጀርም ጠብቃ አታውቅም።