ማንኩሳ ላይ የቀረው ኦፔራ

ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁ ዕለት ጉድ ሆንኩ። መድረኩ ላይ ሰውየው ዘፋኟን በጩቤ ሲወጋት «ኧረ ልጂቱን!» ብዬ ጮህኩ። የአዲስ አበባው አዳራሽ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አፉን ይዞ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይቅርታ... እኔም አምና እዚሁ አልቅሼ ነው ያፈርኩት።»

ናሁሰናይ ይባላል፤ የቡሬ ልጅ፣ መምህር ነው። እኔ ሥርጉት ፍኖተ ሰላም ከተማ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ከዚያ ወዲህ ትርኢት በመጣ ቁጥር አብረን እንሄድ ጀመር። መብራቱ ጠፍቶ የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ሰውነቴን ይነዝረኛል። እሱ መድረኩን ትቶ እኔን ያያል። አውቃለሁ... ግን ሁለታችንም አልተነፈስንም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ከፋ።

ለመስከረሙ ትርኢት ከቡሬ መጥቶ ሊወስደኝ ተቀጣጠርን። ልወጣ ስል አባቴ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ በማይገባሽ ቋንቋ ሲዘፈን ለመስማት በዚህ ጊዜ መንገድ ይወጣል?»

«ይገባኛል አባባ።»

መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅሁት። ቀረ። ስልኩ አይሠራም። «ትቶኝ ሄደ» ብዬ ስናደድ፣ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች።

«የቡሬው መኪና ማንኩሳ አጠገብ ተኩስ መሀል ገባ!»

ባጃጅ ለመንኩ። ሾፌሩ መንገድ ላይ «ከዚህ አላልፍም፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ አወረደኝ። በግራም በቀኝም በቆሎ ብቻ ነው። አስፋልቱ ላይ ሰው የለም። በእግሬ ቀጠልኩ። ድንገት በቆሎው ተንኮሻኮሸ። መጮህ አቃተኝ።

«ሥርጉት! አብደሻል?»

ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ፤ ናሁሰናይ!

«የሞትክ መስሎኝ...»

«ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወደ ቡሬ ተመለሱ። እኔ ግን ትጠብቀኛለች ብዬ...»

ተኩሱ እንደገና ተንጣጣ። ጎትቶ በቆሎው ውስጥ አስተኛኝ።

«ፈራሁ ናሁ...»

«እኔም። ከዚህ ከወጣን... አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?»

«አሁን ነው እንዴ የሚጠየቀው!»

«ሌላ ጊዜ ባይኖረኝስ?»

እጁን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት።

«ላክ።»

ተኩሱ ጸጥ ሲል በእርሻ ለእርሻ ተደብቀን ፍኖተ ሰላም ገባን። አባባ መንገድ ዳር ቆመው ይጸልያሉ። ጭቃ የለበሰውን ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዘፋኙ ይሄ ነው?»

«አይ አባባ፣ አብሮኝ የሚያዳምጠው ነው።»

ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

«ግባ ልጄ፣ ትንቀጠቀጣለህ።»

ሽማግሌዎቹ በጥቅምት መጡ። በጥር ተጋባን።