ስልሳ ሦስት መስመር

ተሳቢው መኪና መንገዱን ሲዘጋው ጀዋሂር ተሻገረች።

የተከተላት የለም። ቢያንስ ያየችው የለም።

ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ሰማያዊ ደብተሮች አሉ። አንዱ የራሷ የክፍል ሥራ ነው። ሁለተኛው የመምህር ዘካሪያስ ነው። የነዳጅ ዴፖ በሮችን የሚቆልፈው ፕሮግራም ቀዳዳ እንዳለው የሚያሳይ ማረጋገጫ ይዟል። አንድ የውጭ ገዥ ማረጋገጫውን ሊገዛቸው ሞክሮ መምህሩ እምቢ ብለዋል።

ገዥው ሳይቀድም ደብተሩ እንዲገኝ የደህንነት መሥሪያ ቤቷ ዓመት ሙሉ የመምህሩ ተማሪ አድርጎ አስቀመጣት። ጀዋሂር የሚለው ስሟ የውሸት፣ መታወቂያዋ የውሸት። እያንዳንዱን እርምጃ በሕግ የሚያረጋግጠውን፣ ፎርማል ሲስተም የሚሉትን ትምህርት መውደዷ ግን እውነት ነበር። ይኼን ማንም አላዘዛትም።

«ከእያንዳንዱ መስመር በስተቀኝ ከየት እንደመጣ ጻፉ» ይላሉ መምህሩ። «ከየትም ያልመጣ መስመር ካለ ሁሉም ነገር ፈርሷል።»

ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ሲሰጧት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚኒስቴር ለሚሠራው አጎትሽ አድርሺልኝ። ስልሳ ሦስት መስመር ነው። ቁጥሩን ከአንቺ ሌላ የሰማው ያ ገዥ ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ ስኩራራ አመለጠኝ።»

ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሻይ ቤቱ ጥግ፣ አለቃዋ ምሳ ዕቃ ይዞ እስረኛ ጠያቂ መስሏል። የሥራ ስሙ «ካፖ» ነው። የሷ «ክር»።

«ተራው ገና ነው?» አለችው እየተቀመጠች።

«ሁለት ሰው ይቀራል። መጣ?»

«መጣ።»

«ስልሳ ሦስቱም መስመር አለ?»

እጇ ቦርሳው ውስጥ ቀረ።

ቁጥሩን ለማንም አልተናገረችም። ታዲያ ከየት መጣ? በሐሳቧ ወደ መስመሩ ቀኝ ተመለከተች። አንድ ምንጭ ብቻ ነበረ።

ገዥው።

አምስት ዓመት አብራው ሠርታለች። የሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት።

«አለ» አለችና ደብተር አቀበለችው።

የራሷን።

ካፖ ገለጠው። ምልክቶቹን በጣቱ እየተከተለ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ምስኪን፣ አንድም መስመር ማንበብ አይችልም።

«መምህሩስ?» አለችው።

«እሱን ተይው። ከዛሬው ፈተና በኋላ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ከዛሬ ወዲያ አያስፈልግም።»

ተሰናበተችው። ጥግ ስትዞር አንዴ ብቻ እንድትደውልበት መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን ቁጥር ደወለች።

«ክር ነኝ። ካፖ ከድቷል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ነው። መምህሩን አሁኑኑ አውጡልኝ፤ ሊገድሏቸው ነው።»

«መልካቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አብረሽ ግቢ።»

«የተማሪነት ሽፋኔስ?»

«አለቀ በይው።»

ካፖን ከሻይ ቤቱ ሳይወጣ ያዙት። እጁ ሲታሰር ማን እንዳጋለጠው ገብቶት እንደሆነ አታውቅም።

መምህር ዘካሪያስ የፈተና ወረቀት እያደሉ ነበር። በሩ ላይ ከመሥሪያ ቤቷ የመጡ ሁለት ሰዎች መታወቂያ አሳዩ። ጀዋሂርም አሳየች። ሌላ ስም ያለበት።

መኪናው ውስጥ የነገረቻቸው እሷ ናት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል። ማስተማር ግን ከእንግዲህ የለም። ገዥው መጀመሪያ የሚፈልጋቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

ሽማግሌው ጠመኔ የነካው ጣታቸውን አሹ።

«አጎትሽስ?»

«አጎት የለኝም፣ መምህር።»

«እንዲያ ነው?» መነጽራቸውን አወለቁ። «እርምጃሽ ሁሉ ትክክል ነበር። መነሻው ነው ውሸቱ።»

እንባዋ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የመምህሩን ደብተር ለሁለቱ ሰዎች አስረክባ ሳሪስ ላይ ከመኪናው ወረደች። የስልኳን ሲም ካርድ ሰብራ ጣለችና ታክሲ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ተሰለፈች። ፈተናውን ይሄኔ ሌላ መምህር ጀምሮታል። ከመስኮቱ አጠገብ የሷ ወንበር ባዶ ነው።

ፈተናውን ታልፈው ነበር።