በአፍ ምንም አይሰጥ

ሟቹ በተኛበት አልጋ ራስጌ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከአገጩ ሥር ደግሞ ንጹሕ ፎጣ በጥንቃቄ ታጥፎ ገብቷል። ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» የሚሏት መርማሪ ማልዳ ስትደርስ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህን ፎጣ ነበር።

ሰውየው ከሦስት ቀን በፊት ከአንጎሉ ግንድ፣ ትንፋሽና መዋጥ ከሚታዘዙበት ቦታ፣ ሲደማ የኖረ የደም ሥር ቋጠሮ ወጥቶለታል። ሌሎች «አይነካም» ብለው የሸሹትን የደፈረ አንድ ሐኪም ብቻ ነበር። ንጋት ላይ በሽተኛው ሲሞት አስተዳደሩ ሐኪሙን አገደው። በቀጣዩ አልጋ ተመሳሳይ ቋጠሮ ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተኝታለች። ሁለት ጊዜ ደምታለች፤ ሦስተኛውን አትችለውም። ቀዶ ጥገናዋ በዚሁ ሐኪም እጅ ለአራት ሰዓት ተቀጥሯል።

«ወንድሜን የገደለው እሱ ነው!» አለ የሟች ታላቅ ወንድም ወደ ሐኪሙ እየጠቆመ። «አታስነኩት ብዬ ነበር፤ እኔን ማን ሰምቶ!»

«ንጋት ላይ የት ነበርክ?» አለችው መርማሪዋ።

«ቤቴ። ከሚስቱ ጋር ተጣልቼ ማታ ነው የሄድኩት።»

ሚስትየዋ ዓይኗ አብጧል። «ውሃ ስጪኝ ብሎ በዓይኑ ሲለምነኝ ከንፈሩን ከማርጠብ በቀር ጠብታ አልሰጠሁትም፣ እህቴ። ሲነጋ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!»

ነርሷም በዚያ ሰዓት ማዶ ክፍል መርፌ እየሰጠች ነበር።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞረች። በልጅቷ ኮመዲኖ ላይ የዱቄት ቆርቆሮ፣ ኩባያና ማንኪያ አለ። ማንኪያውን ነካችው፤ እርጥብ ነው። ልጅቷን የሚያስታምመው አባቷ መርማሪዋን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ሦስት ሰዓት ላይ አስከሬን መርማሪው ደወለ። «ጭንቅላቱ ውስጥ አዲስ ደም የለም። ሳንባው ውስጥ ግን ወተት አለ። ወፍራም ነው፣ ማወፈሪያ ዱቄት ገብቶበታል።»

ሁሉንም በነርሶቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ አልገደለውም» አለች። «ሟቹ መዋጥ ተስኖት ሳለ ወተት ተሰጥቶት ታፍኗል። የሰጠው ሰው ጠላት አይደለም፤ ጠላት ፎጣ አያጥፍም፣ ያጠፈው በሽተኛ ማጉረስ የለመደ እጅ ነው። ሚስቱና ነርሷ ምንም እንደማይዋጥለት ያውቃሉ። ይህ ሰው ግን ወተቱ ከወፈረ አያንቅም ብሎ አምኗል። እዚህ ዱቄት የገባበት ወተት የምትጠጣ አንዲት በሽተኛ ናት። እሷ ደግሞ ለቀዶ ጥገናው ከማታ ጀምሮ ጦሟን ናት። ታዲያ ማንኪያዋን ማን አረጠበው?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የአባትየው ዝምታ ግን የገዛ ልጁን ሐኪም አሳግዶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ከወንበሩ ወደ መሬት እየወረደ። «ውሃ እንጂ ወፍራም ነገር አያንቃትም ብለው ነርሶቹ ስለ እሷ አስተምረውኛል። ለልጄ የሚሆን ለእሱም ይሆናል አልኩ። ማታ ጦሟን ትደር ሲሉኝ የተረፈ ወተት ነበር። እያየኝ ያለቅስ ነበር፤ አንጀቴን በላው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«እናቷ የለችም! ከታሰርኩ ማን ይፈርምላታል? ብናገርስ ሐኪሙ እጁን ይዘረጋላታል?»

ወንድምየው ሊመታው ተነሣ፤ መርማሪዋ መካከል ገባች። የሷም ሆድ ባባ፤ ሕጉ ግን ሆድ የለውም። ለአስተዳደሩ ደውላ የሐኪሙን እገዳ አስነሣች።

ሐኪሙ የልጅቷን ቀዶ ጥገና የስምምነት ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እኔ እገባለሁ» አለ።

የአባትየው እጅ ብዕሩን መያዝ አቃተው። የሟች ሚስት ጎንበስ ብላ ብዕሩን ጣቶቹ መካከል አስገባች።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ፈርም።»

ፈረመ።

አራት ሰዓት ላይ ልጅቷን በአልጋዋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፏት «አባዬስ?» አለች። አባቷ ፖሊስ መኪና ውስጥ ነበር። እጇን የያዘችው ባሏን ያጣችው ሴት «መጣሁ ብሏል፣ የኔ እናት» አለቻት፤ ከበሩም አልተነሣችም።